ኖራው ሲደርቅ

ከሙስካት ወደብ አለፍ ብሎ፣ ገደል ባሕሩን ባቀፈበት፣
መንገድ የሌለው መቃብር አለ፣ በጀልባ ብቻ የሚገባበት።
ዳድ ረሂም ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ያስጠጋል፤
«ሙታን ጩኸት አይወዱም» ይላል። ቤንዚን ለመቆጠብ ይመስለኛል።

በዓመት አንዴ ነው የምንመጣው፣ ኅዳር ሲገባ፣
ቆንሲሉ ከነሚስቱ ሳይመጣ ይዞ ቀይ የወረቀት አበባ።
ሁለት ጆንያ ኖራ፣ አንድ ባልዲና ሦስት ብሩሽ፣
ውሃ በጀሪካን፣ ለምሳ ደረቅ ቁራሽ፣
ስልሳ ሦስት ድንጋይ የሚቆጥር ዝርዝር ደግሞ ካለቃዬ፤
ከስልሳ ሦስቱ ውጪ ኖራ ቢፈስ ከደሞዜ ነው ዕዳዬ።

የወታደር መቃብር ሲባል ጥይት ይመስለኝ ነበር፤
ያጎቴ እግር የቀረበት ያ የሰሜኑ ድንበር።
እዚህ ግን ፊደሉ ላይ የተጋገረውን ጨው ፍቄ ሳነበው
ገዳዩ ሌላ ነው።
አንዱ የመርከብ አናጢ፣ በሐምሌ፣ ፀሐይ መታው ይላል።
አንዱ ከሸራ ምሰሶ ወድቋል።
አንዱ ንዳድ። አንዱ ንዳድ። አንዱ ደግሞ ንዳድ፣
ከወንድሙ ጋር በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ጉድጓድ።
የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለ፣ መኮንን ሊሆን ሲማር የፈረሰ፤
እናቱ የላከችለት ዕብነ በረድ በሦስተኛ ዓመቱ ደረሰ፣
መልአኩ አንድ ክንፉ እንደ ተገነጠለ፣ ከመርከብ መርከብ እየተመላለሰ።

«ምን ፍለጋ መጡ?» ብዬ ጠየቅሁት።
«የባሪያ ጀልባ ሊይዙ፣ የቴሌግራፍ ሽቦ ሊዘረጉ፣
በኋላ ግን» አለ ዳድ ረሂም፣ «አያቴ እንዳለው፣ ጥላ ሊፈልጉ።»

ከዝርዝሩ ውጪ፣ ከካቡ ውጪ፣ ማዕበሉ ሊልሰው ሲቀር አንድ ክንድ፣
መስቀል የለው፣ ጨረቃ የለው፣ አለ ድንጋይ አንድ።
በእንግሊዝኛ «ቶም ባልዲ» ይላል። «እሳት ቆስቋሽ፤ ሲዲ።»
ሳቄ መጣ፣
በግራ እጄ እንዳንጠለጠልሁ የኖራውን ባልዲ።

ዳድ ረሂም አልሳቀም። «ሲዲ ያሉት ጥቁሩን ነው፤
ከባሪያ ጀልባ አውርደው፣ ነጻ ነህ ብለው፣ ከሰል ሲያስጭኑት የኖሩትን ሰው።
ስሙ አፋቸው አልገባ ሲል መርከቡ ላይ ያዩትን ዕቃ ጠሩበት፤
ባልዲ፣ ገመድ፣ መልሕቅ፣ ዓይናቸው ያረፈበት።
ሽማግሌዎቹ ‹ሐበሽ ነው› ይሉ ነበር፣ ያንተ አገር ሰው።
ግን ማን ያውቃል» ብሎ አፍንጫውን በሻርፑ ጠረገው።

ማን ያውቃል። ከግቤ ማዶ ይሁን፣ ከከፋ፣ ወይ ከዛንዚባር ይሁን፣
እናቱ ማን ብላ ተጣራች፣ ሳይመለስ የቀረ ዕለቱን?
እኔም ሊረንሶ ነኝ፣ ሄራሞ ነው የወለደኝ፤
የመኖሪያ ካርዴ ላይ ግን ኮምፒውተሩ «ላሪን ሂራም» ያደረገኝ።
ሆስፒታል ስም ሲጠራ ሁለት ጊዜ ዝም ብዬ ተራዬ አልፎኛል፤
በሦስተኛው «አቤት» አልኩ። አሁን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለምዶብኛል።

ቀባሁት። ሁለት እጅ፣ ከፊትም ከኋላም፣
ከደሞዜ ይቆረጥ ብዬ፤ ለነገሩ ያን ያህል አይከብድም።
ስሙን በኖራ ልድፈነው ቃጣኝ። የምተካው ግን አጣሁ፤
እንዲያውም ፊደሉ ውስጥ የገባውን በሚስማር አወጣሁ።

ባሕሩ ሲሞላ ወጣን።

እርጥብ ኖራ ነጭ አይደለም፤ አመድማ ነው፣ ውሃ ይመስላል፤
የደከሙበት ሁሉ ገና ያልተነካ ይመስላል።
ከጀልባው ዞሬ ሳይ፣ ጠዋት የተቀቡት ስልሳ ሦስቱ
እንደ ጥርስ በርተዋል ከገደሉ ሥር፤
የሱ ግን ካለቱ አይለይም ነበር።

«የታለ?» አለ ዳድ ረሂም፣ ዓይኑን በመዳፉ ጋርዶ።
«ይደርቃል» አልኩት። «ይነጣል፣ ከዚህ ፀሐይ ትንሽ ወስዶ።»

ሞተሩን ቀሰቀሰው። ጩኸቱ ገደሉን መታ፣ ተመለሰ፤
ጀልባዋ ቋጥኙን ዞረች፣ ሁሉም ከዓይናችን ተሰወረ፣
ከመንጣቱ በፊት።