ሊትር

ከዲሞና ቤርሼባ ሄዶ ለመመለስ፣
በሳምንት ሦስት ቀን፣ እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣
አንድ ደንበኛ አለኝ፣ አስረሱ ይባላል፣
እኩያዬ ነው በዕድሜ፤ ደሙን ማሽን ያጥባል።
በጠዋት አደርሰዋለሁ፣ ቀትር አመጣዋለሁ፣
በመካከሉ እኔ ቁጥር እቆጥራለሁ።

እንዴትስ አልቁጠር? ብድር አለ ከኋላዬ።
«ሃይብሪድ ናት» ብሎ ሻጩ ሲሸነግለኝ፣
«ሃያ አራት ኪሎ ሜትር በአንድ ሊትር» አለኝ።
እሱ የተቀመጠው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው፣
የኔጌቭን ሐምሌ በወሬ ነው የሚያውቀው።

የገባኝ ቆይቶ ነው፦
ቀይ መብራት ላይ ቆሜ፣ ጎማው ሳይሽከረከር፣
ተኝቶ የነበረው ሲያጓራ ሞተር፣
ማን ቀሰቀሰው ስል ማቀዝቀዣው ኖሯል፣
ባትሪውን እየጠባ ሞተሩን ይጠራል።
ጥር ላይ ሲበርድም ማሞቂያው እሳት ይጠይቃል፣
ቆሜ እግሬን ሳሞቅ እንኳ ቤንዚኔ ያልቃል።
ሃያ አራት የተባለው አሥራ ስምንት ሲል፣
መሰለኝ ከቀዳዳው የሚነፍሰው ሸቀል።

ስማኛት ትስቃለች፦ «የቱን ነው ያገባኸው?
እኔን ወይስ ያን ቁጥር፣ ስትነዳ የምታየው?»

ስለዚህ ዘጋሁት፤ መስኮቱን ከፈትሁት፣
በመንገድ ሃያ አምስት አቧራውን ጠጣሁት።
(መስኮትም በነጻ አይደል፤ ሲፈጥኑ ንፋሱ
ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ዋጋ አለው ለራሱ።)
አስረሱ ከኋላ ነው፣ ቦርሳው ከአጠገቡ፤
ቃል አይተነፍስም፣ ይወርዳል እንጂ ላቡ።

አንድ ሐሙስ፣ ቀትር። አርባ አንድ ዲግሪ።
ሃያ ሦስት አለ ሰሌዳው፤ እኔም የቁጠባ መካሪ፣
«አየህ?» አልኩት ኮርቼ፣ «ጠብታ ሳትባክን!»
በመስታወቱ ውስጥ አየሁት ከንፈሩን፣
እንደ ደረቀ ኩሬ መሬት ተሰነጣጥቋል።

ውሃ ጠጣ እንጂ ብዬ ጠርሙስ ዘረጋሁለት፤
በመዳፉ ገፋው፣ ፈገግ አለ በትዕግሥት።

«እኔም እቆጥራለሁ፤ ሐኪም የፈቀደልኝ
በቀን ሦስት ሩብ ሊትር፣ ሾርባም ተቆጥሮብኝ።
ጠዋት በሲኒ ለክቼ ጠርሙሴን አሰምራለሁ፣
ማታ የምጠጣትን ቀን ሙሉ አስባታለሁ።
አንተ ስትዘጋው ግን ጥሜ ቀድሞ ይመጣል፤
ያንተ ሊትር ሲተርፍ የኔ ሊትር ያልቃል።»

ስድብ የለው፣ ቁጣ የለው። ዝም አለ ወዲያው።
የነቫቲም መገንጠያ ጋ መስኮቱን ዘጋሁ፣
ማቀዝቀዣውን ከፈትሁ። ቁጥሩን አላየሁም።
ውሸቴን ነው። አየሁት። ወረደ። አልነካሁም።

አሁን ዘዴ አበጅቻለሁ፦ ጥላ ፈልጌ እቆማለሁ፣
እሱ ከሆስፒታሉ ሲወጣ በሮቹን እከፍታለሁ፣
የጋለው አየር ይውጣ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤
ከዚያ ሃያ አራት ላይ፣ የውስጡ አየር ይዞራል።

የእህቴ ልጅ ኤፍራት፣ ጋራዥ የምትሠራ፣
አሳየችኝ አንድ ወንፊት፣ ታፍኖ በአቧራ፣
ከኋላው ወንበር ጎን። «በዚች ይተነፍሳል
ባትሪው» አለችኝ፤ «የሰው አየር ይጋራል።
እናንተ ስትግሉ ይግላል፣ ይደክማል።
ደግሞ የማን ቦርሳ ነው አፉ ላይ የተቀመጠው?»
የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። እኔ ነኝ እዚያ የማስቀምጠው።

ቦርሳው ዛሬ ከፊት፣ ከኔ ጎን ይሄዳል።
ሃያ አንድ ይላል ሰሌዳው፣ አንዳንዴም ሃያ ይላል።
አስረሱ አንቀላፍቷል፣ ጠርሙሱ ጭኑ ላይ ነው፤
በመስታወት ሰርቄ አያለሁ፦
ውሃው ከመስመሩ በላይ ነው።