ምትክ ካርድ

ከዚራ ጥላ ሥር፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣
መብራት ሦስቴ ሄዶ፣ በአራተኛው ሲገባ፣
የክሊኒኩ ሰርቨር የኔትወርክ ካርዱ ተቃጠለ፤
ሽታው ክፍሉን ሞላ፣ ጎማ የመሰለ።

ሲስተር ሂክመት ደውላ "ቶሎ ድረስ" አለች፤
"ውጤቱ አልመጣም፤ እናት ትጠብቃለች።"

ታይዋን ወረድኩና ከሮብሌ ሱቅ ገባሁ፤
ስድስት መቶ ብዬ፣ በሺህ ብር ገዛሁ፣
ያገለገለ ካርድ፤ ከየት እንደመጣ
ሮብሌም አያውቅ፣ በማን እጅ እንደወጣ።

ሰካሁት፤ አስነሳሁት፤ አረንጓዴው በራ፤
ግን መስመር አልያዘም፤ ማሽኑ አያወራ።
"ዜሮ" ብዬ ብጠራ፣ አቤት የሚል የለም።

"ማነው የገባው?"
"አንድ ነው፤ እንግዳ።"
"ዜሮስ?"
"የዜሮ ቦታ ተይዟል።"
"በማን?"
"በባለቤቱ።"

ባለቤቱ ይኸው ነው፣ ጠረጴዛው ላይ፣
ጠባሳው ጠቁሮ ከቺፑ በላይ።

የደንቡን ፋይል ከፈትኩ፤ ሁለት መስመር አለ፤
የፊተኛው ሟቹን "ሲመጣ ዜሮ በሉት" እያለ፣
ስድስት ጥንድ ምልክት፣ ፊደልና ቁጥር፣
እንደ ክርስትና ስም የተያዘ በምስጢር።
ሊኑክስ ለቅሶ አያውቅም፤ ያረዳው ሰው የለም፤
ስሙን አጥፎ ይዞ ይጠብቃል ዘላለም።

እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ።

ደቻቱ ደረቅ ነው፣ ዓመቱን በሙሉ፤
ልጆች ኳስ ሲለጉ፣ ግመሎች ያልፋሉ።
አንድ ሌሊት ሲመጣ ግን
የማንንም ስም አይጠይቅም።
ሱራፌልን ወሰደ። አራት ዓመቱ ነበር።
እኔ በዓመቱ መጣሁ፣
በእሱ አልጋ፣ በእሱ ሹራብ፣
ክርኑ ላይ በተጣፈው።
"ማስረሻ" አሉኝ።

እናቴ ለራት ስትጠራኝ
"ሱ" ትላለች መጀመሪያ።
ትውጠዋለች።
ከዚያ "ማስረሻ"።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በየማታው፣
ከዚያች ከተዋጠች ፊደል ኋላ ነው ወደ ቤት የምገባው።

"አለቀ?" አለች ሲስተር ሂክመት ከበሩ።
"አንድ መስመር ቀረኝ።"

መሰረዝ ቀላል ነው፤ አንድ ቁልፍ መጫን።
አልሰረዝኩትም።
ከመስመሩ ፊት አጥር የምትመስለውን ምልክት ተከልኩ፣
ማሽኑ ሲያነብ እንዲያልፈው፣
ሰው ሲያነብ እንዲያገኘው።
ከሥሩ፣ በአዲሱ መስመር፣
አንድ የሚለውን ዜሮ አደረግሁት፤
ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት።

"ዜሮ" ብዬ ጠራሁ።
አቤት አለ፤ አራት ጊዜ፣ አንድም ሳይጎድል።
ማተሚያው አጉረመረመ፣ ወረቀት ሳበ፤
ሲስተር ሂክመት ነጥቃ ሮጠች፣
"ወባ ነው፣ ወባ ብቻ ነው!" እያለች፤
ወባን እንደዚያ ደስ ብሎት የተናገረ ሰው
ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

ማታ ሳቢያን ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል።
እጄ ጎማ ጎማ ይሸታል።
ከጓዳ ኮቴዬን ሰማች።
"ሱ"

ሳትውጠው
"አቤት" አልኳት።