ደም ቅዳ፣ ደም መልስ

ቫልፓራይሶ፣ ሐምሌ፤ ባሕሩ ተቆጥቷል፣
የነርሶች ትምህርት ቤት ጣሪያው ያፈስሳል።
ዶኛ ኤውዶሲያ ከፌስታል አውጥታ
የበግ ልብ አኖረች፣ በትሪ፣ በዝግታ።

«ስለ ፍቅር የሰማችሁትን ተዉት ውጭ፣ ከጃንጥላችሁ ጋራ፤
ይህ ጡንቻ ነው፤ አራት ክፍል ያለው፣ ሳያርፍ የሚሠራ።
ትናንት ከቄራ ገዛሁት፤ ዋጋው ከዳቦ ያንሳል፣
መጠኑ ቢያንስም የእናንተን ይመስላል።»

ቀኙን በቢላዋ ሰንጥቃ ከፈተች፣
«ኒልዳ፣ ጣትሽን ወደ ውስጥ» አለች።
አስገባሁ፤ እርጥብ ነው፣ ይቀዘቅዛል፣
ጣቴ በሦስት ቅጠል መሃል አልፎ ይወርዳል።

«እሱ ትራይከስፒድ ነው፤ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ብቻ የሚያሳልፍ በር።
ክሮቹን ነካሻቸው? ነጫጮቹን? በእነሱ ነው ከታች የሚታሠር።
ንፋስ ጃንጥላችሁን ሲገለብጠው አይታችሁ የለም ወይ?
ክር ባይኖር እንዲያ ነው፤ ደም ገፍቶ በሩን ይገለብጠዋል ወደ ላይ።»

ከዚያ መንገዱን በጠመኔ ሳለች፦
የደከመው ደም በቀኝ ይገባል፣ ሳንባ ደርሶ አየር ይጠጣል፣
በግራ ይመለስና
በአኦርታ ቅስት ዞሮ ይወጣል።
ከዚያ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ የቅርንጫፍ ቅርንጫፍ፣
በመጨረሻ ከፀጉር የቀጠነች ሥር፤
ቀይ ሕዋሳት ወረፋ ይዘው
አንድ ባንድ የሚያልፉባት።

«ከልብ ቀድቶ የሚሄደው ደም ቅዳ፤ ወደ ልብ የሚመጣው ደም መልስ።
ቀለሙን አትመኑ፤ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ
የሚሸከመው ጥቁሩን ነው።
ስም የሚወጣው ከአቅጣጫ ነው።»

«የግራው ግድግዳ ስለምን ወፈረ?»
ፋቢያን መስኮት መስኮቱን እያየ ነበረ።
እጄን አወጣሁ። አባቴ የኮረብታችን ሊፍት ሞተረኛ ነው፤
ሁለት ሳጥን፣ አንድ ገመድ፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ የሚወርድ።
«እንደዚያ ነው» አልኩ፣ «ግራው ይወጣል፣ ቀኙ ይወርዳል፤
ለሚወጣው ጉልበት ያስፈልገዋል።»
«ቆንጆ ነው» አለች፣ «ግን ስሕተት ነው።
ሁለቱም አብረው ነው የሚጨመቁት።
ግራው የወፈረው ሩቅ ስለሚልክ ነው፤ እስከ እግር ጣትሽ።»
ተቀመጥኩ።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።
«ጥሩ» አለች፣ «ለመስማት መብራት አያስፈልግም።»
የሸሚዟን ቁልፍ ፈታች። አግዳሚው ላይ በግራ ጎኗ ተጋደመች።
«ሉብ የሚለው በላይኛውና በታችኛው መሃል ያሉት ሲዘጉ ነው፤
ዱብ የሚለው መውጫዎቹ ሲዘጉ።
ጤነኛ በር ሲከፈት አይሰማም።
የእኔ ይሰማል።»

ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ጉሮሮዋን አመማት፤
«ብርድ ነው» አሏት፣ ማር አጠጧት።
ትኩሳቱ ከጉልበት ወደ ክርን እየዞረ
በመጨረሻ ሚትራሏ ላይ አደረ።
የጳጳስ ቆብ የምትመስለዋን ባለ ሁለት ክንፍ በር
ጠባሳ ከዳር ከዳሯ ሰፋት፤
የዓሣ አፍ አህላ ቀረች።

አሥራ አንድ ነበርን። ተራ በተራ ተንበረከክን።
ፋቢያን ሲነሳ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ጉንፋን ነው አለ።
እኔ ስደርስ፦ ሉብ። ዱብ። ከዚያ
ዝምታ መሆን በነበረበት ስፍራ
ከመሬት ሥር የሚመጣ ጉርምርምታ፣
ብረት በብረት ላይ፣ ዳገት፣ የረጠበ ገመድ።
«ምን ሰማሽ?»
«የአባቴን ሊፍት።»
ሳቀች፤ ሳቋ በማዳመጫው አልፎ ጆሮዬ ውስጥ ነጎደ።
«አሁን ልክ ነሽ» አለች።

የበጉን ልብ በጋዜጣ ጠቅልላ ለዘበኛው ድመት ላከችለት።

በመስከረም ወደ ሳንቲያጎ ወሰዷት።
ተተኪው የፕላስቲክ ልብ ይዞ መጣ፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ፣
በማጠፊያ የሚከፈት፤
ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም።

የፈተናው አራተኛ ጥያቄ፦ ደም መልስ ምንድን ነው?
የሄደውን የሚመልስ፣ ብዬ ጻፍኩ።
ብዙ አየሁት።
ሊሰበሰብ ሲል፣ «የሄደውን» ከሚለው ቀጥሎ
«ደም» የሚል ቃል ጨመርኩበት።