ቀለም መቁጠር

ኪቶ ፉርዲሳ፥ ቤተ ሙከራ ሁለት፥
ከምሽቱ አራት ሰዓት።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይዞታል
ወሬዋን መቋጨት እንዳቃታት ጎረቤት።
እኔ ቁልፍ ያዥዋ፥ ሹራቤን ደርቤ፥
በር ሥር ባለችው በርጩማዬ ላይ
ሠላሳ ስክሪን፥ ሠላሳ ማጅራት እጠብቃለሁ።

ኮድ አላውቅም። ስምንተኛ ላይ ነው ደብተሬን ያጠፍኩት።
ግን አሥራ አንድ ዓመት ከሰው ትከሻ በላይ እያየሁት
ቀለሙን ለምጄዋለሁ፦
ሐምራዊው አዛዥ ነው፥ «ይህ ከሆነ» የሚል፥ «ካልሆነ ተመለስ» የሚል፤
ብርቱካኑ ቁጥር፤
ቀዩ በጥቅስ መሃል የተቀመጠ ንግግር፥
እንዳለ የሚወሰድ፥ ማንም የማይነካው፤
አረንጓዴው ደግሞ ማሽኑ ዘሎት የሚያልፍ፥
ልጆቹ ለራሳቸው የሚጽፉት ምክር፦
«ይቺን ነገ አስተካክል»፥
«ይህን አትንካ፥ ለምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅ»።
ይህ ንባብ አይደለም።
ግን ማሳውን ከሩቅ አይቶ
«እዚያ ጋ በሽታ ገብቷል» እንደሚል ገበሬ
ስክሪን ሲታመም አውቃለሁ።

የዚያን ዕለት የታመመው የነዚፍ ነበር፥
የነዚፍ አባ ቡልጉ፥ ከጎማ የመጣው ዝምተኛ።
ከአርባኛው መስመር ወዲህ እስከ ታች ድረስ
ገጹ አንድ ወጥ ቀልቷል፥
እንደ ሐምሌ አዌቱ፥ ከዳር ዳር ደፍርሶ።
እሱ ግን ጥፍሩን ይበላል፥
ላይ ታች ይላል፥
«ምኑ ነው? ምኑ ነው?» ይላል።
«ልጄ» አልኩት፥ «ቀዩ አይታይህም?»
«የቱ ቀይ፥ እትዬ ማንጠግቦሽ?»

ቀስ ብሎ ነገረኝ፥ እንደ ጥፋት፥ ዓይኔን ሳያይ።
ቀይና አረንጓዴ ለሱ አንድ ናቸው፥ ጭቃ መሳይ።
ልጅ ሳለ ለለቀማ ወጥቶ
እሸቱን ከጥሬው አደባልቆ፥ ቅርጫቱን ሞልቶ፥
ሚዛን ያዡ ሸራ ላይ ገልብጦ ለሰው አሳየበት፤
ያልሳቀ አልነበረም፥ አጎቱ ሳይቀር ሳቀበት።
ከዚያ ወዲያ በጣቱ ለቀመ።
ጫን ሲያደርጋት እሺ ካለች፥ ደርሳለች፤
እምቢ ካለች፥ ትቆያለች።
«ቀይ ማለት» አለኝ፥ «ለስላሳ ማለት ነው።»

ምን ይባላል? ዝናቡን ሰማሁ ለጊዜው።
«አርባኛው ላይ ነው» አልኩት ኋላ፥ «ከዚያ ወዲህ ነው የቀላው።»
ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ
ፊደል በፊደል ሄደ፥ እየጫነ፥ እየለቀቀ።
እዚያው፥ መስመሩ ጫፍ ላይ፥ ያልተዘጋ ጥቅስ።
አንዲት ጭረት፥ የዝንብ እግር የምታክል።
አፉን ከፍቶ የተረሳ ንግግር
ከሥሩ ያለውን ሁሉ፥ ትእዛዙንም፥ ቁጥሩንም፥
ወሬ አድርጎት ነበር።
ዘጋት።
ታች ያለው በየቀለሙ ሲመለስ
እኔ ነኝ «እልል» ያልኩት።
እሱ ምን እንዳስደሰተኝ አላየም፤
ማሽኑ እሺ እስኪለው ጠበቀ።

የተማረ ሰው «ቀለም የቆጠረ» ይባላል በአገራችን።
የዚያን ሌሊት በር ስቆልፍ
ከሁለታችን የቆጠረው ማን ነው እያልኩ
ሳላስበው ጭቃ ውስጥ ገባሁ።

በሳምንቱ መጣ፥ ቀለሙን በሙሉ አጥፍቶ፥
አዛዡን ቃል አወፍሮ፥
ምክሩን ወደ ጎን አጋድሞ፥ ንግግሩን ከሥሩ አስምሮ፤
ጥቁር በነጭ ብቻ።
«አሁን በዓይኔ እዳስሰዋለሁ» አለ።
ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ደስ አለኝ። ኋላ ግን በጀርባው ሳልፍ
ከሠላሳው መሃል የሱ ብቻ ዝም አለኝ፤
ታሟል ወይስ ድኗል፥ መለየት አቃተኝ።
መብራቱ ብልጭ ብሎ ተመለሰ።
የመጨረሻዎቹ ባጃጆች ከበሩ እየራቁ ነው፥
ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ከብዷል፥
ጥበቃው ሁለቴ አስነጥሷል፤ ውጡ ማለቱ ነው።
በርጩማዬን ይዤ መጣሁ፥ አጠገቡ ተቀመጥኩ።
«እስቲ» አልኩት፥ «ይሄ ወፍራሙ ምን ይላል?»