ውሃው እስከየት ነበር

ሰባት ሆነው መጡ ከሙይናቅ በአውቶቡስ፣
አቧራ ሲጠጡ ውለው እስከ ኑኩስ።
ፎቶ ቤቴ ገቡ። ዛሪፓ ስልኳን አውጥታ
«ይኸው» አለች «ልጄ፣ የባለፈው እሑድ ለታ።»

ቆመዋል በሰልፍ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ከዓሣ ፋብሪካው የቀሩት የመጨረሻ።
ከኋላቸው መርከብ፣ ዝገት በልቶት ሆዱን፣
አሸዋ ላይ ተኝቶ፣ ረስቶ መንገዱን፤
ጥላው ስር ተጋድማ አንዲት ቀይ ግመል፣
ማንም ያልጠራት እንግዳ፣ ከፎቶው መሐል።

«አጥፋው ይኼን ሁሉ፤ ባሕራችንን፣ አራልን መልስልን፤
ስንት ነው ዋጋው? ግን ቅናሽ አድርግልን።»

ቀላል ሥራ መስሎኝ ማውሱን ጨበጥኩና
ጫፍ ጫፉን ቆረጥኩ በጣም በጥሞና።
የኦራዝባይን ቆብ ባንድ ትንፋሽ ጨረስኩ፤
በቢቢጉል ሻሽ ላይ ግማሽ ቀን አፈሰስኩ፣
ጥለቱን ነፋስ ይዞት፣ ክር ለክር ተበትኖ፣
በየክሩ መሐል ሰማይ አመድ ሆኖ።

ጀርባቸው ሲነቀል ከኋላ የቀረው
ግራጫና ነጩ የዳማ ገበታ፤
ሰባት አዛውንቶች የትም ላይ ሳይቆሙ
የቆሙ በዝምታ።

«ይኼስ?» አልኩኝ፣ ከአንድ ደሴት ባሕር አምጥቼ።
«ይኼ የሀብታም ነው» አለች ዛሪፓ ስቃ፤
«የእኛስ አረንጓዴ፣ ሲመሽ ደግሞ ጭቃ።»
«ወተት ነበር እንጂ!» ኦራዝባይ ተቆጣ፣
«አንድ ጠብታ ቀለም የነካው፣ ሲነጣ።»
ቢቢጉል ዝም ብላ ስክሪኑን ተጠጋች፤
ሽታውን ፈልጋ ሁለቴ ማገች።

ወተት ከአረንጓዴ ቀላቅዬ አስማማሁ።
«ውሃው እስከየት ይድረስ?» ብዬ ጠየቅሁ፤
«ከተረከዝ ኋላ ነው? ወይስ እስከ ጉልበት?»

እርስ በርስ ተያዩ፤ ጠፋ አንደበት።

ሰርሰንባይ ብቻ፣ ቀኑን ሙሉ ያልተናገረው፣
ገመድ እየጣለ ጥልቀት ሲለካ የኖረው፣
ጣቱን ከቆቡም ከሻሹም በላይ አሳልፎ፣
ሰማዩንም አልፎ፣
ከፎቶው ጠርዝ ውጪ፣ ግድግዳዬ ላይ አሳርፎ
«እዚህ ጋ» አለ።
«የቆምነው ወለሉ ላይ ነው።
ስድስት ሜትር።
ከላያችን ነው።»

የፎቶ ቤቴ ማራገቢያ ብቻ ተሰማ።

«ሻሼን አትንካው» አለች ቢቢጉል፣ «እንዳለ ይሁን፤
ውሃ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው አሁን።»

ሸራውን ወደ ላይ ሳብኩ። ባሕሩን ሞላሁት።
መርከቡን መለስኩት ከራሳቸው በላይ፤
ዝገቱን አጥቤ፣ ሆዱ ብቻ እንዲታይ።
ጥላቸውን አነሣሁ፣ ብርሃኑን ሰበርኩ፣
በፊታቸው ላይ እንደ መረብ በተንኩ።
(ግመሏንም፣ ኦራዝባይ «እሷስ?» ስላለ፣
መለስኳት፤ ታመሰኳለች፣ ምን ቸገራት፣ ውሃም ካለ።)

ሰባት ኮፒ አተምኩ። ቅናሹን አልረሱ።
በጋዜጣ ጠቅልለው ላውቶቡስ ተነሡ።

አንድ ነገር ቀረ፣ ማንም ያላነሣው፣
እኔም እንዳላየ አይቼ የተውኩት፦
ከስድስት ሜትር በታች፣ ከዚያ ሁሉ ወተት፣
ሰባቱም ዓይናቸውን
አጥብበው ነው ያሉት፣
ፀሐይ እንደወጋው።