የበሩ ድምፅ

ሃያ ሁለት ዓመት ቪዮላ ስትመታ፣
ከቫዮሊኑ ኋላ፣ ከቼሎው ጎን፣ ሦስተኛ ረድፍ ቦታ፣
ሳዳዮ ኩሬባያሺን በስሟ የጠራት አንድ ሰው አልነበር፤
ጭብጨባው ሲያባራ ሳጥኗን አንግታ
የሴንዳይን በረዶ እየረገጠች በጎን በር
ትወጣ ነበር፣ ቲኬቷን በጥርሷ ይዛ፣ ጓንቷን ፈልጋ አጥታ።

ኦርኬስትራው ፈረሰ።
ምክንያቱ ገንዘብ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?
ዛሬ አዳራሹን የሰርግ ልብስ አከራዮች ይዘውት
ዙሪያውን መስታወት ሰቅለውበታል።

በአርባ አራት ዓመቷ ቶኪዮ ገብታ ሥራ ስትጠይቅ
አንድ የጌም ኩባንያ አስገባት። «ሙዚቃ አንሻም» አሏት፤
«የጠፋን የእንጨት በር ሲጥሲጥታ ነው፤ አንድ ሰኮንድ ተኩል፤
መቶ በር ቀዳን፤ ሲሰሙት አንዱም በር አይመስል።»
ምን መለሰች? ምንም።
ደጋኗን በሙጫ አሸች፣
ከብርኩማው ወዲያ፣ መምህሯ «እዚያ እንዳትነኪ» ካላት ስፍራ
ክሩን ጎተተች።
በሩ አቃሰተ።
ድምፅ ቀጂው ናሩሚ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ
ማን ገባ ብሎ ዞረ፤ በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ሣቀ ተደንቆ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም ነው፤ አሳጥረዋለሁ፤
(ሥዕል ሠሪ ነኝ፤ ቃል አይሆንልኝም፤ በመሥመር እምላለሁ።)
ጌሙ ተሸጠ፤ ወደ አኒሜሽን ዞረ፤ ፕሮዲውሰር ሆነች፤
ባንክ ቤት ጎንበስ ብላ ገብታ ቀና ብላ ወጣች።
ከጠረጴዛ ሥር ስናድር ሩዝ ይዛ ትመጣለች፣
ደግሞ ጨካኝ ነች፦
«ሐሙስ ማለት ሐሙስ ነው፤
ዓርብ የሚባል ሐሙስ የለም» ትላለች።

አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ቪዮላ የምትጫወት ልጅ ስዬ ሳሳያት
ረጅም ጊዜ አየችው፤ ምንም አላለችም፤
ቆይታ ግን፣ «ይህች ልጅ ድመት ነው የምታሻሸው፤
ክር እንኳ አልነካችም።»
ሄደች። ሳጥኑን አመጣች፣ አቧራው ሳይራገፍ፤
ከመብራቴ ሥር ተቀመጠች፣ እርሳሴን ስቀርፍ።
ተጫወተች፤ አርባ ደቂቃ።
ምን እንደተጫወተች አትጠይቁኝ፤ አላውቅም።
የቀለበት ጣቷ ሲንቀጠቀጥ፣
አውራ ጣቷ ከአንገቱ ጀርባ ሲደበቅ፣
አገጯ ሥር ያለው የቆየ ጠባሳ ሲቀላ፣
ይህን ነው የያዝኩት፤ ከዚህ ሌላ የለኝም።
ስድስት ሆነን ከበናታል፤
እርሳሳችን ብቻ ወረቀት ላይ ይንሾካሾካል።
ሴንዳይ ሃያ ሁለት ዓመት ሰማት እንጂ አላያትም፤
እኛ ደግሞ አየናት፤
አንዳችን አልሰማናትም።

«እጄን አገኘኸው?» አለችኝ፣ ክሩን እያላላች።
«አገኘሁት» አልኩ።
የቀረውን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ አንድ ደብዳቤ አለ፤
ከሺማኔ፣ ከአሥር ዓመት ልጅ፣ በወፍራም እርሳስ የተጻፈ፦
«ወርቁን አልሰበሰብኩም። ዘንዶውንም አልገደልኩም።
ያን በር ብቻ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ከፈትኩት።
አንድ ነገር ይላል፤ ምን እንደሚል ግን አልገባኝም።
እርስዎ ያውቃሉ?»

መልሱን እኔ ነኝ ፖስታ ቤት የወሰድኩት፤ ሳይታሸግ ነበር፤
አነበብኩት፤ ይቅር ይበለኝ፤ ሁለት መሥመር፦
«እኔም አልገባኝም።
ክፈተው።»

ስመለስ ቀን መቁጠሪያው ፊት ቆማ አገኘኋት፣
ቀይ እስክሪብቶ ይዛ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፤
«የት ቆየህ?» አለችኝ፤
«ነገ ሐሙስ አይደለም ወይ?»