ሒሳብ የማይከፍለው

ከአቶቴ ወደ ፒያሳ፣ ዝናብ ያባራበት፤
ሦስት ሰው ጭኛለሁ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት።
ጓ! አለ የኋላው ጎማ።
የተሳፈሩት ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ ከእኔ በቀር ማንም አልሰማ።

ጉድጓድ ነው። ስድስት ዓመት የማውቀው ጉድጓድ፤
በየክረምቱ የሚሰፋ፣ የሠፈራችን ጉድ።
ግን ሰው ቢሆንስ?
ልጅ ቢሆን፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ከቦዩ ጥግ ወድቆ ቢሆንስ?

ፒያሳ አራገፍኳቸው፤ ባጃጄን አዞርኩ።
ወርጄ ውሃውን በእጄ ዳሰስኩ።
ጭቃ ነው፣ ደም አይደለም። ሄድኩ።
መብራቱ ጋ ስደርስ፣ «በደንብ አየኸው ወይ?» አለኝ፤ ተመለስኩ።
በስልኬ ባትሪ ቦዩን ሳስስ
አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ፤
የማን ይሆን ብዬ ቆሜ ቀረሁ፣ እኩለ ሌሊት እስኪደርስ።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት» ይላል የአገሬ ሰው፤
እኔን ከቤት የነሣኝ ግን ይኸው መዞሬ ነው።
ግማሽ ቀን ተሰልፌ የቀዳሁት ቤንዚን
አለቀ፣ ሰው ሳይጭን፣ ሲያመላልስ እኔን።

ሰኞ ራሴን ልሰጥ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ።
«ሰው ገጭቻለሁ መሰለኝ» አልኩ።
«የት? መቼ? ማንን?» እጄን ዘርግቼ ቀረሁ።
«እንግዲያው ሟቹን ይዘኸው ና» አለኝ፣ ሳቅ እያፈነው።

ሽማግሌዎች ጸለዩልኝ፣ እጃቸውን ጫኑ፤
እጆቹ ደግ ነበሩ፣ ከልብ ለመኑ።
ከደጅ ስደርስ ግን፣ አሜን ያልኩት በትክክል ነው ወይ ብዬ
ተመለስኩ።

ዱካሌ ባለቤቴ፣ በየሌሊቱ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፦
«አልገደልክም ባራሳ።» ሃያ ጊዜ። ሠላሳ።
አንዷ «አልገደልክም» ለአምስት ደቂቃ ትበቃኛለች፤
ከዚያ እንደ ስልክ ካርድ ታልቃለች።

ሪፈራል፣ ሲስተር እታፈራሁ አልሳቀችም።
«ስም ያለው በሽታ ነው» አለች። «ላስረዳህ እችላለሁ፤
አልገደልክም ብዬ ግን አላረጋግጥልህም።
እንዲህ ያለ ሐሳብ በሁሉ ሰው ደጅ ያልፋል፤
አንተ ጋ ወንበር አገኘ፣ ስለዚህ ይሳፈራል።»
«ልውረድ ብዬ እለምነዋለሁ፣ አይወርድም።»
«አትለምነው። አትጣላው። ይቀመጥ፤
መንገዱን ግን እሱ አይምረጥ።»

ክኒኑ ስንት ሳምንት እንደ ድንጋይ ዝም አለ፤
አንድ ጠዋት ብቻ፣ ድምፁ ከጎረቤት የመጣ መሰለ።

ከዚያ ሐሙስ ዕለት፣ ደብተሯን ይዛ ከኋላ ወንበር ገባች፤
መስታወቴን በፕላስተር ሸፈነች።
«ጉድጓዱ ላይ ንዳው።»
ጓ!
«ፍርሃቱ ከመቶ ስንት ነው?»
«ዘጠና አምስት።» «እንግዲያው ወደ ሐይቁ ንዳ።»
መሪው ከላቤ የተነሣ እንደ ዓሣ ከእጄ ይሾልካል፤
ጀርባዬ ላይ አንድ ያልሞተ ሰው ይጮኻል።

አሞራ ገደል ቆምን። አባ ኮዳዎቹ፣
ካባ እንደ ደረቡ ዳኞች፣ ፍርድ ሊሰጡኝ የመጡ መሰሉኝ።
አንዱ የዓሣ አንጀት አነሣ። ሌላው ተፋው። ጉዳዬን ማንም አላየልኝ።
«አሁንስ?» ሰማንያ። አሁንስ? ሰባ።
ምንም አላደረግሁም። አልጸለይሁም፣ አልቆጠርሁም።
ጀልባ ሄደ፣ ጀልባ ገባ።
አርባ ላይ እጄ ደረቀ፤
ብቻውን ወረደ፣
ሒሳብ ሳይከፍል ወረደ፣
ማርፈዱን እንኳ ሳይጠይቅ፣ እግሩን እየጎተተ ራቀ።

ነገ ደግሞ ይሳፈራል። አውቃለሁ።
ትናንት ሁለቴ ዞሬያለሁ፤
ሲስተር ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣ አልተቆጣችም።
ዱካሌም ትምህርቷን ወስዳለች፤ ከእንግዲህ «አልገደልክም» አትልም።
«አላውቅም» ትላለች፤ ስትለው ድምፇ ይንቀጠቀጣል፤
ከሃያው «አልገደልክም» ይልቅ ይህችኛዋ ታቅፈኛለች።

ማታ መብራት ጠፋ። ልጠይቃት አፌን ከፈትሁ፤
ጥያቄው ከጥርሴ ጋ ደርሶ፣ መለስሁት፣ ዋጥሁት፤
ሌላ ምን እንደምል ስላጣሁ፦
«በሩን ቆልፈሽዋል?» አልኋት።

ዝም አለች። ከዚያ በጨለማው
«አላውቅም» አለች፤
ሳቃችን ልጁን ቀሰቀሰው።